ገና የተመረቀ ሐኪም ሆስፒታል ምራ ሲባል፦ አመራርን ማን ያስተምረዋል?

ጂፒ ከወረዳ

ሰላም ለቤቱ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም (ጂፒ) ነኝ። ከተመረቅኩ ብዙም ሳልቆይ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ ማለትም የሆስፒታሉ የሕክምና ሥራ ኃላፊ፣ ሁን ተባልኩ። ነገሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጂፒ ወረዳ ሲደርስ ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ይሰጠዋል። ሌላ ሐኪም ስለሌለ ነው።

ሕክምናው ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የማላውቀው ሲገጥመኝ ማን ጋ እንደምደውል አውቃለሁ፤ ጋይድላይንም አለ። የሚያስጨንቀኝ ሰው መምራቱ ነው። ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል በታሰበ ሆስፒታል ውስጥ አዋላጁም፣ ነርሱም፣ ላብራቶሪውም፣ ካርድ ክፍሉም ችግር ሲኖር ወደ እኔ ነው የሚያየው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቀዶ ሕክምና የሚሠራልን ኦፊሰር (ሐኪም ሳይሆን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ የጤና ባለሙያ) በዕድሜም በሥራም ታላቄ ነው። እጁ ጎበዝ ነው፤ ብዙ እናቶችን አትርፏል። ግን ቀጠሮ ያላቸው ታካሚዎች ጾማቸውን አድረው ሥራው የሚጀመረው ረፋዱ ላይ ነው። ምን ብዬ ልናገረው? ዝም ስል ታካሚው ይጎዳል። ልናገር ስል ይሉኝታ ይይዘኛል። ታፍኖ ከቆየ ደግሞ አንድ ቀን ቁጣ ሆኖ እንዳይወጣ እፈራለሁ።

የአመራር ስልጠና ወስጃለሁ። ሆቴል አዳራሽ ተቀምጠን ስለ ራዕይ፣ ስለ ተልዕኮ፣ ስለ አመራር ዓይነቶች ስላይድ አይተን፣ አበላችንን ተቀብለን ተመልሰናል። መጥፎ አልነበረም። ግን ስብሰባ ስመራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አይቶ፣ ስንወጣ ጠራ አድርጎ «እዚህ ጋ እንዲህ ስትል ሰዉ ዝም አለ» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የውስጥ ደዌ መምህር

ዶክተር፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ነው የሚዞረው። በደንብ ልመልስልህ።

እኛ ሐኪሞች አመራርን የምንማረው ሳናውቀው ነው። የምንማርበት ቦታ ደግሞ ሞርኒንግ ሴሽን፣ የጠዋቱ የታካሚዎች ውይይት፣ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዲዩቲ (ተረኛ ሆኖ) ያደረ ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም፣ ሲኒየሩ፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም)፣ የክፍል ጓደኞቹ በሙሉ በተቀመጡበት ቆሞ ኬዝ ያቀርባል። «ፖታሲየሙ ስንት ነበር?» ይባላል። አልተሠራም። ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) እንዳልነበረ ሳይናገር ተቆጥተውት ይቀመጣል። ያ ልጅ ያን ቀን ስለ ፖታሲየም ምንም አልተማረም። የተማረው አለቃ የሆነ ሰው እንዴት እንደሚናገር ነው። ትንሽ ቆይቶ ወረዳ ላይ ወንበር ሲሰጠው የሚያውቀው የአመራር ዘዴ ያ ብቻ ነው። ወይ እሱን ይደግማል፣ ወይ እሱን ጠልቶ ጭራሽ ዝም ይላል። አንተ ከሁለተኞቹ ትመስለኛለህ።

ጃክ ኤንዴ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ፊድባክ (ለሠሪው ስለ ሥራው ስለሚሰጥ አስተያየት) የጻፉት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፊድባክን ከምዘና ይለያሉ። ምዘና ፍርድ ነው፤ ፊድባክ መረጃ ነው። ሰጪው በዓይኑ ያየው መሆን አለበት። በቶሎ፣ በመጠኑ፣ ሰውየው ሊለውጠው በሚችለው ድርጊት ላይ ሊሆን ይገባል።

ወደ ኦፊሰሩ ልመልስህ። «ኃላፊነት አይሰማህም» ብትለው ፍርድ ነው። ይከራከርሃል፣ ወይ ያኮርፍሃል። «ሰኞ የመጀመሪያዋ ታካሚ 2 ሰዓት ላይ ተዘጋጅታ ነበር፤ ሥራው የተጀመረው 4 ሰዓት ተኩል ነው። ረቡዕም እንዲሁ። በመሀል ምን ይሆናል?» ብትለው ግን መረጃ ሰጥተኸው ጠየቅከው ማለት ነው። ምናልባት የቀዶ ሕክምና እቃ የሚመክንበት አውቶክሌቭ ዘግይቶ ይሆናል። ምናልባት ሌሊቱን ኦፕራሲዮን ሲሠራ አድሮ ይሆናል። ምናልባት በእውነት ያረፍዳል። ሳትጠይቅ ግን ማወቅ አትችልም። ብቻችሁን ሁናችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ በሩ ተዘግቶ ይሁን።

ሲኒየር ሰርጀን

መምህሩን አከብራለሁ፤ በሁሉም ግን አልስማማም።

እኔን ያሳደገኝ ቁጣ ነው። የተቆጡኝን መምህሮቼን ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ክር በትክክል ሳላስር ስቀር እጄን መትተው «ፍታው፣ እንደገና እሰር» ብለውኛል። ያ ቋጠሮ ዛሬም እጄ ላይ አለ። አሁን የማየው ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪ ላይ ድምፅ ከፍ ካለ አቤቱታ ይጻፋል። ታካሚ እየደማ «ምን ይሰማሃል?» እየተባለ አይጠየቅም። ልጆቻችንን አለሳልሰን ልከን፣ ወረዳ ላይ ብቻቸውን ሆነው እናት እጃቸው ላይ ስትሞትባቸው ማን ይደርስላቸዋል? ጥብቅነት ጭካኔ አይደለም። አንዳንዴ ትልቁ ደግነት እሱ ነው።

የውስጥ ደዌ መምህር

ዶክተር፣ ስለ ጥብቅነቱ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ደረጃውን ዝቅ እናድርግ አላልኩም። ታካሚ ሲደማ ትእዛዝ ነው የሚያስፈልገው፤ አጭር፣ ግልጽ፣ ስም የተጠራበት ትእዛዝ። የእኔ ጥያቄ ደሙ ከቆመ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

መምህርዎ ያደረጉትን ደግሞ ልብ ብለው ይዩት። አጠገብዎ ቆመው አዩ። ወዲያው ተናገሩ። የተናገሩት ስለ ቋጠሮው እንጂ ስለ እርስዎ ሰውነት አልነበረም። እንደገና የመሞከሪያ ዕድልም እዚያው ሰጡ። እጅ መምታቱን ብናወጣው የቀረው በሙሉ ጥሩ ፊድባክ ነው። ያስተማረዎት ይህ ይመስለኛል።

ማትሮን

እኔ ማትሮን፣ የነርሶች ኃላፊ፣ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሐኪም እንዴት እንደሚመራ ነርስ ጠንቅቃ ታውቃለች። ትእዛዙን የምንቀበለው እኛ ነን።

ስለ ቀዶ ሕክምና ቼክሊስት፣ በኦፕራሲዮን ጊዜ አንድ በአንድ ስለሚረጋገጡት ነገሮች ዝርዝር፣ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ነው። በስምንት ከተሞች በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲታተም፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። እኛም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ግን አንዷ ልጄ «ዶክተር፣ አንቲባዮቲኩ አልተሰጠም» ለማለት ከፈራች፣ ያ ወረቀት ምን ይሠራል? ምልክቱ ይደረጋል፣ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ያቺ ልጅ አፏን የምትከፍተው ባለፈው ጊዜ ስትናገር ምን እንደ ተባለች አስታውሳ ነው።

አብሬው የሠራሁ አንድ ወጣት ሐኪም ነበር። ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት መጣችና ሁላችንም ተሯሯጥን፤ ተረፈች። ሁሉም ሊበተን ሲል «አንድ አፍታ ቁሙ» አለን። «ምን ጥሩ ሠራን? ምን ዘገየብን?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ እኔን አየና «ሲስተር፣ እኔ ሥራውን ያከበድኩባችሁ የት ላይ ነው?» አለኝ። ሐኪም እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። «ለሦስታችንም በአንድ ጊዜ ጮህክ፤ ደም ባንክ የሚሄደው ማን እንደሆነ አልታወቀም» አልኩት። አመሰገነኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስም እየጠራ ነው ያዘዘው።

ዶክተር፣ ስትመራ አይቶ የሚያግዝህ ሰው፣ ኮች የሚሉት፣ ከውጭ እስኪመጣልህ አትጠብቅ። እዚያው ያለችውን ማትሮን ጠይቃት። ስብሰባ ስትመራ አይታሃለች።

ሬዚደንት አር ቱ

ሲስተር፣ የጻፉትን ለሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ጓደኞቼ ልኬዋለሁ።

ከእንግሊዝ

እዚህ ኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ውስጥ ነው የምሠራው። ያለኝን ላካፍላችሁ።

በዩኬ ከታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪም ፈቃዱን ለማስቀጠል ብዙውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ ሪቫሊዴሽን የሚባል ሂደት ያልፋል። በየዓመቱ አፕሬዛል፣ ስለ ሥራህ የሚደረግ ውይይት፣ አለ። በአምስት ዓመቱ ውስጥ ደግሞ ከሥራ ባልደረቦችና ከታካሚዎች የተሰበሰበ ፊድባክ ማቅረብ አለብህ። ነርሷም፣ ጸሐፊዋም፣ ጁኒየር ሐኪሙም ስለ አንተ ይሞላሉ። ውጤቱን ብቻህን ወስደህ አታነብም፤ አፕሬዘርህ ጋር ተቀምጠህ ትወያይበታለህ።

ጥሩ ጎኑ የተለመደ መሆኑ ነው። ሁሉም ስለሚያልፍበት ማንም ተለይቶ የተከሰሰ አይመስለውም። ድክመትም አለው። ሰው እሱን የሚወዱትን ባልደረቦች መርጦ ቅጹን ይልክላቸዋል፤ አስተያየቱም አንዳንዴ ከምስጋና አያልፍም።

ወረዳ ሆስፒታል ላይ እንዳለ ቅዱት አልልም። ሠራተኛው ጥቂት ከሆነ «ስም አይጻፍም» ማለት ትርጉም የለውም፤ በእጅ ጽሑፉ ይታወቃል። የሚሻል የሚመስለኝ አንድ የሚታመን ሰው በቃል ጠይቆ፣ የማንን ቃል እንደሆነ ሳይናገር ጠቅለል አድርጎ ቢያቀርብ ነው። ዳይሬክተሩ ምን ይቀጥል? ምን ይተው? ምን ይጀምር? ይህ ብቻ ይበቃል።

ኳሊቲ ዩኒት

የሆስፒታል የጥራት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እኛ አገር «አስተያየት ልስጥህ» ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ግምገማን ነው። ታላላቆቻችን ደግሞ በደርግ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውን አይተዋል። ሰው ተሰብስቦ በአንድ ሰው ላይ የሚናገርበት፣ የተባለው ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ነገ እድገት የሚያስከለክልበት ስብሰባ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ፊድባክ ሲሉት ቢኮማተር አይፈረድበትም።

ሌላው ጫፍ በየስድስት ወሩ የምንሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። እኔ ባየኋቸው ቦታዎች ሁሉም ከ90 በላይ ያገኛል። ለምን? ዝቅ ካደረግክ ጠብ ነው፤ የሰው እንጀራ ነክተሃል ይሉሃል። ስለዚህ አንዱ ጋ ሰው ይዋረዳል፣ ሌላው ጋ ሁሉም ጎበዝ ይባላል። በሁለቱም ማንም አይማርም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ኮቺንግ ከምዘናው ተለይቶ ይቁም። ኮች የሆነው ሰው ውጤት አይሙላ። የተነጋገሩት ነገር ወደ ሥራ አስኪያጁም ሆነ ወደ ዞን ጤና መምሪያ አይሂድ። ይህ መስመር አንዴ ከተጣሰ በዚያ ሆስፒታል ማንም እንደገና ልቡን አይከፍትም።

ፊድባክ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ ከሲሶ በላይ በሚሆነው ፊድባኩ ሥራውን ጭራሽ አበላሽቶት ተገኝቷል። ትኩረቱ ከሥራው ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር ይጎዳል ብለው ነው ያስረዱት። በጤናው ዘርፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ተቋም) ጽሑፍ 140 ጥናቶችን አይቶ፣ ለባለሙያዎች የሥራ መረጃቸውን መልሶ ማሳየት አማካይ መሻሻሉ 4.3 በመቶ ገደማ መሆኑን አግኝቷል። ትንሽ ነው። ግን ከአለቃ ወይም ከባልደረባ ሲመጣ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲሰጥ፣ በቃልም በጽሑፍም ሲሆን፣ ግልጽ ግብና እቅድ ሲኖረው የበለጠ ይሠራል። በዓመት አንዴ መጥቶ መዝገብ ላይ አስተያየት ጽፎ የሚሄድ የሱፐርቪዥን ቡድን ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ጂፒ ከወረዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ እርስዎ እንዳሉኝ ማትሮናችንን ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ኧረ ዶክተር ጥሩ ነህ» ብላ አለፈችኝ። ሁለተኛ ስጠይቃት ነው የነገረችኝ። ስብሰባ ላይ ጥያቄ እጠይቅና መልሱን ራሴ እመልሳለሁ አለችኝ። ፈጽሞ አላስተዋልኩትም ነበር።

አሁን ያልገባኝ ኮቺንጉ ነው። እዚህ ሲኒየር የለም። የቅርቡ ስፔሻሊስት ያለው በመኪና ግማሽ ቀን ርቀት ላይ ነው። ኮች ከየት አመጣለሁ?

የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ የነበርኩ

ታሪኩን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል አስተዳደርን የማሻሻል ሥራ ሲጀምር፣ የተመረጡት 14 ሆስፒታሎች ነበሩ። ኮርስ ብቻ አልሰጡም። አማካሪዎች እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ከአስተዳደሩ ጋር አብረው ሠሩ። በኋላም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ላይ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ሲከፈት ሥራ አስኪያጆች ሥራቸው ላይ እያሉ ነው የተማሩት። ትምህርቱ የራሳቸው ሆስፒታል ችግር ላይ ነበር።

ያ ሁሉ ግን ለሥራ አስኪያጁ ነው። አጠገቡ ያለው ሐኪም ዳይሬክተር እንዲህ ያለ ሰው ሲመደብለት እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች አላየሁም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የሐኪሞቹንና የነርሶቹን ሥራ በየቀኑ የሚነካው እሱ ነውና።

የውስጥ ደዌ መምህር

እኔም አንድ ልጨምር። ነፃ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ነርሶቹ አጠገብ ተቀምጠው ታካሚ አብረው ያዩ ነበር። ሜንተርሽፕ እንለው ነበር። በሕክምናው ከሠራ በአመራሩ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ርቀቱን በተመለከተ ስልክ በቂ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 88 ሐኪሞችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ከባለሙያ ኮች ጋር በስልክ ስድስት ጊዜ እንዲነጋገሩ አደረገ። ከአምስት ወር በኋላ የእነዚህ የስሜት መሟጠጥ ቀንሶ ተገኘ፤ ኮች ያላገኙት ግን በትንሹ ባሰባቸው። ጥናቱ የለካው የሐኪሞቹን ደህንነት እንጂ የአመራር ችሎታን አይደለም። ግን ሐኪምን በስልክ ኮች ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል።

ኮች ፊድባክ ሰጪ ብቻ አይደለም። ከሚናገረው ይልቅ የሚጠይቀው ይበልጣል። ምን ማሳካት ትፈልጋለህ? አሁን ያለው ነገር ምንድነው? ምን ምን አማራጭ አለህ? የትኛውን፣ መቼ ታደርጋለህ? በሚቀጥለው ስትደውል የመጀመሪያው ጥያቄ «ያልከውን አደረግክ?» ነው። ለእኛ ሐኪሞች ከባድ የሚሆነው ኮቹ ላይ ነው። ችግር ስንሰማ ወዲያው መድኃኒት ማዘዝ ለምደናል። ኮች ግን መልሱን ቢያውቀውም ይታገሣል።

ሬዚደንት አር ቱ

አቱል ጋዋንዴ የሚባለው አሜሪካዊ ሰርጀን እ.ኤ.አ. በ2011 የጻፈውን አንብቤ ነበር። ብዙ ዓመት ከሠራ በኋላ፣ ጡረታ የወጡትን የቀድሞ መምህሩን ሮበርት ኦስቲንን ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው እንዲያዩት ጠየቃቸው። ጥግ ላይ ቆመው ማስታወሻ ያዙ። መብራቱ ከቁስሉ ላይ እንደሸሸ፣ ክርኑን ከፍ እንደሚያደርግ ነገሩት። በዓለም የታወቀ ሰርጀን ነው። ሲኒየሮቻችን አንዴ እንኳን እንዲህ ቢያደርጉ እኛ ጁኒየሮቹ መጠየቅ አናፍርም ነበር።

ሲኒየር ሰርጀን

አነበብኩት። ማትሮኗ የጻፉትን ደግሞ ሁለት ጊዜ።

በጥብቅነቱ ጉዳይ ሐሳቤ አልተለወጠም። ግን መምህሩ ስለ ቋጠሮው ያሉት ልክ ነው። መምህሬ ሥራዬን አይተው ስለ ሥራዬ ነው የተናገሩት፤ ሰው ፊት አላዋረዱኝም። እኔ ደግሞ ሬዚደንቶቼን ቢላ ሲይዙ እንጂ ቡድን ሲመሩ ቆሜ አይቻቸው አላውቅም። ቺፍ ሬዚደንት (የሬዚደንቶቹ አለቃ) ዲዩቲ ሲደለድል፣ የሁለት ዲፓርትመንት ጠብ ሲያበርድ፣ ለቤተሰብ ሞት ሲያረዳ ማን ያየዋል? ፈተናም የለውም። የእኛ ትምህርት ቤቶች ይህን የትምህርቱ አካል ሊያደርጉት ይገባል። ሬዚደንቱ የሠራው በሚመዘገብበት ሎግ ቡክ ላይ ስንት አፔንዲክስ እንዳወጣ እንቆጥራለን። ስንት ጊዜ ሲመራ ታይቶ አስተያየት እንደተሰጠው የሚቆጠርበት መስመርም ይኑር።

ወረዳ ያለኸው ወንድሜ፣ ከኦፊሰሩ ጋር ምን ደረሳችሁ?

ጂፒ ከወረዳ

ዶክተር፣ ተነጋገርን። ቢሮዬ አልጠራሁትም፤ ሻይ ቤት ሄድን። የጻፍኩትን ሰዓት አሳየሁትና በመሀል ምን እንደሚሆን ጠየቅኩት። ግማሹ የእሱ አልነበረም። ማታ ድንገተኛ ሲሠራ እቃው ሳይታጠብ ያድራል፤ ጠዋት አውቶክሌቭ እስኪደርስ ይጠብቃል። ይህን ከማትሮኗ ጋር ሆነን የማታ ተረኛ እንዲያጥበው አድርገናል።

ሌላው ግማሽ ግን ምሬት ነው። የዲዩቲ ክፍያ ለወራት አልተከፈለውም። «ሌሊት የሠራሁትን ሳትከፍሉኝ ለምን ጠዋት ትቆጥሩብኛላችሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤያለሁ፤ እስካሁን አልተፈታም። ቃል አልገባሁለትም። የት እንደደረሰ በየሳምንቱ እነግረዋለሁ ብያለሁ። ትላንት በሰዓቱ ገብቷል። ነገን አላውቅም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የስልክ ኮች ባገኝ የማኔጅመንት ስብሰባውን ቀድቼ ልልክለት አስቤ ነበር። ይሆናል?

ማትሮን

ሳትጠይቅ እንዳትቀዳ! ስብሰባ በስልክ ተቀዳ ከተባለ ሰው በሚቀጥለው አፉን አይከፍትም። ለማትሮንህ ወረቀት ስጣት። ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ አንተ ስንቴ ሰው አቋረጥክ፣ እሱን ትጻፍልህ። ስም ሳይሆን ሙያ ብቻ። ለኮችህ እሱን ላክለት።

ኳሊቲ ዩኒት

እስማማለሁ። ወረቀቱም ፋይል ውስጥ አይገባም፤ አንተ ጋ ይቀራል።

ሲኒየር ሰርጀን

ስልኬን በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ። ረቡዕ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። የማትሮኗን ወረቀት ይዘህ ደውል። መልስ ከመስጠቴ በፊት እንድጠይቅህ አስታውሰኝ፤ ለእኔም አዲስ ነው። መምህሩ ፈቃደኛ ከሆኑ የመጀመሪያውን ጥሪ አብረውን ይስሙና በኋላ ለእኔ ደግሞ ይንገሩኝ።

የውስጥ ደዌ መምህር

በደስታ ዶክተር። ረቡዕ እገባለሁ።